በጥርስ ራጅ ላይ የሚታየው «ጥቁር» ምንድን ነው?

«ከሥሩ ጫፍ ላይ ጥቁር አለ፤ ጥቁር ማለት መግል ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይነቀል።» የጥርስ ራጅ ፎቶ በስልክ በተላከ ቁጥር እንዲህ የሚሉ ሰው አይጠፉም። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም፤ ምክሩ ግን ጤነኛ ጥርስ ያስነቅላል።

ባለሙያዎች ራዲዮሉሰንት የምንለው ጥቁር የበሽታ ስም አይደለም። ጨረሩ በዚያ ቦታ ብዙም የሚያግደው ሳያገኝ አልፎ ፊልሙ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚናገረው ነገር የለም። ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ያህል ማዕድን ስለሆነ ጨረሩን ያስቀራል፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መግል ያሳልፋል። ጤነኛ ነርቭ የሚያልፍበት የአጥንት ቀዳዳም እንዲሁ ያሳልፋል።

የባላገሩን ጭቃ ቤት አስቡት። በር ዘግታችሁ ከውስጥ ስትመለከቱ በግድግዳው ላይ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ይኖራል። ባለቤቱ ያወጣው መስኮት ሊሆን ይችላል፤ አይጥ የቦረቦረችውም ሊሆን ይችላል። የሁለቱም ብርሃን አንድ ነው። መስኮቱን የሚያስታውቀው መቃኑ ነው።

በታችኛው መንጋጋ፣ ከክራንቻው ኋላ ባሉት ሁለት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች ሥር አካባቢ እንዲህ ያለ መስኮት አለ፤ ሜንታል ፎራመን ይባላል። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚወጣበት ነው። ጥላው ልክ ሥሩ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቁርጥ መግል ይመስላል። ለመለየት አስቀድሞ የሥሩን ዙሪያ መከተል ነው። ጥርሱን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት እንደ ቀጭን ጥቁር ክር ይታያል፤ ከእሱ ውጭ ላሚና ዱራ የሚባል ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ነጩ መስመር ጫፉን ሳይቋረጥ ከዞረ መቃኑ በቦታው ነው።

ካላረካችሁ ጨረሩ የሚወጣበትን የራጅ ቱቦ ወደ ጎን አዙሮ ሌላ ፊልም ማንሳት ነው። ከምሰሶው ጀርባ ያለ መስኮት ፊት ለፊት ሲያዩት ምሰሶው ላይ የተከፈተ ይመስላል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ግን ከምሰሶው ይለያል። ምሰሶውን ራሱን የበላው ቀዳዳ የትም ቢቆሙ ከምሰሶው አይለይም። የሥሩም ጥቁር እንደዚያው ነው። ከጮቄ ግርጌ ደብረ ማርቆስ ድረስ የወረደን ሰው ለሁለተኛ ፊልም ሌላ ቀን ተመለስ ማለት ከባድ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ መቀመጫ ማንሳቱ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥርሱን ራሱን ጠይቁት። በረዶ ወይም በኤቲል ክሎራይድ የራሰ ጥጥ ሲነካው እንደ ጤነኛ ጎረቤቱ ቀዝቅዞት ስሜቱ ወዲያው ከለቀቀው፣ ነርቩ ሕያው ነው፤ ጥቁሩ ከሞተ ነርቭ የመጣ መግል የመሆኑ ነገር እጅግ ይጠብባል። (ብዙ ሥር ያለው መንጋጋ ላይ ይህ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል፤ የአንዱ ሥር ነርቭ ሞቶ የሌላው ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላልና።)

ይህ ጥያቄ እዚህ አገር በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በታችኛው የፊት ጥርሶች ሥር ክብ ክብ ጥቁር የሚያወጣ፣ ሕመም የሌለው የአጥንት ለውጥ አለ፤ ከሁሉ የሚበዛውም በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። እናቶቻችን ማለት ነው። ጥርሶቹ ሕያዋን ናቸው፤ ጥቁሩም ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየነጣ ይሄዳል። መከታተል እንጂ መሰርሰርም መንቀልም አያስፈልገውም። በቅዝቃዜ ሳይፈተኑ አራት የፊት ጥርሶች ቢነቀሉ ምን ይባላል?

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ፦ «ራጁ ንጹሕ ነው፤ እንግዲህ ምንም የለም።» ምስጥ ማገሩን ከውስጥ ሲበላ ከውጭ የተመረገው ጭቃ ቆሞ እስካለ ድረስ ብርሃን አይገባም። አጥንትም ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉን ሳያጣ ጥቁሩ በፊልም ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል። መግል ገና በጀመረ ሰሞን ሰውየው ጥርሱን መግጠም አቅቶት ፊልሙ ደህና ሊመስል የሚችለው ለዚህ ነው። አገጭ ሥር አብጦ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ደግሞ ራጅ ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ ነው።

ስለ ፎቶውም ልናገር። የአዋቂ የጥርስ ፊልም 31 በ41 ሚሊሜትር ነው። ወደ ፀሐይ አቅንተው በስልክ ሲያነሡት መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ቀጭን ነጭ መስመር ነው፤ ፍርዱ ደግሞ በእሱ ላይ ነው። ፊልሙ በእጅ የሚታጠብ ከሆነ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት በ20 ዲግሪ 5 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ በባሕር ዳር ሙቀት ሰዓቱ ካላጠረ ሁሉም ነገር ይጠቁራል፣ ጤነኛውም አጥንት የተበላ ይመስላል።

ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ያሠራችሁም «ጥቁሩ ዛሬም አለ» ተብላችሁ አትደንግጡ። አጥንቱ እስኪሞላ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አራት ዓመት ይፈጃል። የቀድሞውን ፊልም ሳታጥፉ በፖስታ አኑሩት፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጎን ሲያስቀምጠው ጥቁሩ መጥበቡን ወይም መስፋቱን ያያል።