የሃርድዌር ሲሙሌተር ኮድ እንክብካቤ፣ ከኮምቦልቻ ሲታይ

የሃርድዌር ሲሙሌተር ገና ያልተሠራን ፕሮሰሰር ወይም ሜሞሪ በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ቺፕ ማሠራት ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል። ለሲሙሌተር ግን ላፕቶፕና ትዕግሥት ይበቃል። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚማር ልጅ ይሄ ቀላል ዕድል አይደለም።

በዘርፉ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ጀም5 ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኤም5 እና የዊስኮንሲኑ ጀምስ (GEMS) የተባሉ ሲሙሌተሮች ተዋህደው የወጣ ሲሆን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ተዋወቀ። ውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ማዋቀሪያው በፓይተን ተጽፏል። ኮዱ ክፍት ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥራው ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ይካሄዳል። ሁለት ዋና ቅርንጫፎች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የኮዱ ቅጂዎች) አሉት፦ የተረጋገጠው ስቴብል፣ አዲስ ሥራ የሚገባበት ደግሞ ዲቨሎፕ። ለመመረቂያ ጥናት ስቴብልን መያዝ ይሻላል።

ይህን ኮድ መንከባከብ ለምን ይከብዳል? ሌላ ሶፍትዌር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል ወይም ይጮኻል። ሲሙሌተር ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሮጦ ሊጨርስና የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ጀም5 ጊዜን የሚቆጥረው በፒኮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። አንድ ሰው ኮዱን ሲያድስ የካሽን (ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለ ፈጣን ትንሽ ሜሞሪ) መዘግየት ሳያስበው ቢቀይር፣ የሚሞከረው ፕሮግራም ትክክለኛ መልስ ያወጣል፤ የፈጀው ጊዜ ግን ሌላ ይሆናል። የፕሮግራሙን መልስ ብቻ የሚያይ ፈተና ይህን አይዝም። ስለዚህ ከውጤቱ ጋር የኮዱን ቅጂ መለያና የማዋቀሪያውን ፋይል አብሮ ማስቀመጥ ግድ ነው። ይህ ከሌለ ቁጥሩን ማንም መልሶ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ሌላው ጣጣ ቼክፖይንት ነው። ሊኑክስን በሲሙሌተር ማስነሳት ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ፣ የማሽኑ ሁኔታ ተቀምጦ ከዚያው ይቀጠላል። ነገር ግን አዲሱ ኮድ አንድ ተጨማሪ መረጃ መያዝ ከጀመረ የድሮው ቼክፖይንት ላይነበብ ይችላል። ፕሮጀክቱ ለዚህ ማሻሻያ ስክሪፕት አለው። ለውጡን ያመጣው ሰው አሮጌው ቼክፖይንት እንዴት እንደሚታደስ እዚያ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሥራ አይታይም፤ የብዙ ሰው ልፋት የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ኮዱን ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደሚሮጥ ፕሮግራም መለወጥ፣ ብዙ ሜሞሪ ይበላል። አነስተኛ ላፕቶፕ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ሥራዎች ቁጥር መቀነስ አለበት። መብራት ቢሄድ ተሠርተው ያለቁት ፋይሎች ስለሚቀመጡ ከዜሮ አይጀመርም። ኢንተርኔት ሲያስቸግርም የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ኮዱን ከፍላሽ ላይ መጎተት ይችላል። ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ የወረደውን ይዞ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቤት ውስጥ መቀጠል ይቻላል።

የሚያሳዝነው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ኮዱም አብሮት ከሄደ ነው። ተከታዩ ልጅ እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ለውጡን በትንንሽ ኮሚት (በጊት ለብቻው የሚመዘገብ ለውጥ) ከፋፍሎ፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ከእሱ ጋር እያስማሙ በዲፓርትመንቱ ማስቀመጥ ይገባል። ለሌላውም የሚጠቅም ከሆነ ወደ ዲቨሎፕ ይላካል። የኮሚቱ ርዕስ የተነካውን ክፍል ስም አስቀድሞ ከ65 ፊደላት መብለጥ የለበትም። ፈተናዎቹን ካለፈ በኋላ ሌሎች አይተው ሲያጸድቁት ይገባል።