ከጭንቅላት ኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ መድኃኒት የተላመደ ማጅራት ገትር

ጎንደር ውስጥ ሰው ለጭንቅላት ኦፕራሲዮን የሚደርሰው በብዙ መንገድ ነው። የመኪና አደጋ አለ፣ ባጃጅ ይገለበጣል፣ ሰው ከዛፍ ይወድቃል፣ በጠብ መሀል ዱላ ያርፋል። ዕጢ ያለበት አለ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀም ሕፃናትም አሉ። ከደምቢያ፣ ከደባርቅ፣ ከመተማ መስመር ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ከተማዋ ይመጣሉ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም ያልቃል። ቤተሰብ «እንኳን እግዜር ማረህ» ይላል። ከቀናት በኋላ ግን ትኩሳት ይነሳል፣ በሽተኛው ይፈዛል።

ይህ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ ማጅራት ገትር በበጋ በወረርሽኝ ከሚመጣው ይለያል። የዚያኛው ክትባት ለዚህ አይሠራም። ባክቴሪያው የሚገባው በቁስሉ፣ የአንጎል ፈሳሽ በሚያፈስ ቀዳዳ ወይም ፈሳሹን ለማውጣት በገባው ቱቦ በኩል ነው። ቱቦው በቆየ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ስታፊሎኮከስ፣ ክሌብሲየላ፣ ሱዶሞናስና አሲኒቶባክተር ናቸው። አሲኒቶባክተር አልጋና መሣሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። ካርባፔነም የሚባሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የተላመደውን ዝርያ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳሳቢዎቹ ሁሉ የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል።

ምርመራው ቀላል አይደለም። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ትኩሳትና ራስ ምታት ያመጣል። ፈሳሹ ውስጥ የገባው ደምም የነጭ ሕዋስ ቁጥሩን ያዛባል። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ቁጥር ብቻ አይቶ አይፈርድም። ስኳሩ መውረዱን፣ ፕሮቲኑ መጨመሩን፣ ላክቴት የሚባለው አሲድ ከ4 ሚሊሞል በሊትር ማለፉን አብሮ ያያል። ቱቦ ካለ ፈሳሹ ከቱቦው ይወሰዳል። ከሌለ መጀመሪያ ሲቲ ስካን ታይቶ፣ አደጋ ከሌለው ከጀርባ ይቀዳል። «ከጀርባ ከተቀዳ ሽባ ያደርጋል» የሚል ስጋት ብዙ ቤተሰብ ጋ አለ። መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት ቦታ በታች ነው። ይህን ለቤተሰብ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው እላለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መለየት ነው። ናሙናው ከተቻለ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር መወሰድ አለበት። በሽተኛው በጣም ከደከመ ግን መድኃኒቱ ናሙና አይጠብቅም። ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያው ክብ ሳህን ላይ እንደ ዘር ይዘራል። መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ላዩ ላይ ይደረደራሉ። በማግስቱ፣ የሚሠራው መድኃኒት ዙሪያውን ጥርት ያለ ቀለበት ትቶ ይገኛል። የተላመደው ባክቴሪያ ግን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በቅሎ ያድራል። በሽተኛው በምን እንደሚታከም የሚወስነው ያ ቀለበት ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው፣ ደምቢያን ወባ ከጨረሳት በኋላ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎችም መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች በተደጋጋሚ አጥንተዋል።

ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ቫንኮማይሲን ከሜሮፔኔም ወይም ከሴፍታዚዲም ጋር ይጀመራል። ችግሩ አንጎል አጥር አለው፤ ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ አያልፍም። ለዚህ ነው ሜሮፔኔም ለአዋቂ 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ የሚሰጠው፤ ለሌላ ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ 1 ግራም ይበቃል። ባክቴሪያው ሜሮፔኔምንም ከተላመደ ኮሊስቲን ይመጣል። ኮሊስቲን በደም ሥር ሲሰጥ አንጎል ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ በቱቦው በኩል በቀጥታ አንጎል ውስጥ ወዳለው የፈሳሽ ክፍተት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። መጠኑ ትንሽ ነው። ቫንኮማይሲን በዚህ መንገድ ሲሰጥ ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም ነው፤ በደም ሥር ግን በቀን 2 ግራም ያህል ይሄዳል። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ነርሷ ቱቦውን ቆልፋ ሰዓቷን ታያለች። ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል፤ ካልሆነ መድኃኒቱ ወዲያው ተመልሶ ይፈሳል።

የተበከለ ቱቦ ደግሞ ይውጣ። ባክቴሪያው ፕላስቲኩ ላይ ቀጭን ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ መድኃኒት ብቻውን እዚያ ድረስ አይደርስበትም። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፣ እንደ ክሌብሲየላ ላሉት እስከ 21 ቀን። ትኩሳቱ ጠፋ ተብሎ በመሀል አይቆምም።

ለአስታማሚዎች የምለው አለኝ። ጠያቂ ይብዛ ማለት ባህላችን ነው፤ እጁን ሳይታጠብ ግን ማንም ፋሻውንና ቱቦውን አይንካ። ጠበል የሚወስዱም ቁስሉ እስኪደርቅ ራሱን ባያርሱት። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን «ለትኩሳቱ» ብሎ መስጠት ደግሞ ካልቸሩን ያበላሻል፣ ባክቴሪያውንም ያለማምዳል።

ሻንት፣ ማለትም የአንጎል ፈሳሽን ለማፍሰስ በቋሚነት የሚቀበር ቱቦ፣ ተበክሎ የወጣለት ሕፃን ሌላ የሚገባለት ፈሳሹ መጽዳቱ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ቤት ሆና እርግብግቢቱን በጣቷ ትዳስስ። ሕፃኑ ሳያለቅስ እርግብግቢቱ አብጦ ከተወጠረ፣ ካስመለሰው ወይም ጡት እንቢ ካለ፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትምጣ።