የአሞኒያ ማቀዝቀዣዎች ደህንነት በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ፣ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲኬድ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ያለ ቅዝቃዜ አይሠሩም። ቢራ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ወተትም እንዲሁ። በሆለታና በሰበታ የሚቆረጠው ጽጌረዳ አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ይቆያል። አነስተኛ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ በፍሪዮን ዓይነት ጋዞች ይሠራሉ። ትልልቅ ቢራ ፋብሪካዎች፣ ወተት ማቀነባበሪያዎችና ቄራዎች ግን በዓለም ዙሪያ አሞኒያን ይመርጣሉ።

ምክንያታቸው ግልጽ ነው። አሞኒያ ርካሽ ነው፣ መብራት ይቆጥባል፣ የኦዞን ሽፋንን አይጎዳም። ኢትዮጵያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት አር 22 የሚባለው የፍሪዮን ዓይነት ጋዝ በታዳጊ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለጥገና ከሚውል ጥቂት መጠን በቀር ከአገልግሎት ይወጣል። ስለዚህ የአሞኒያ ነገር ወደፊትም አብሮን ይኖራል።

ችግሩ መርዛማነቱ ነው። በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 5 እጅ ያህል ሲገባ አፍንጫ ያውቀዋል። ለ8 ሰዓት ሥራ ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት 25 እጅ ነው። 300 ሲደርስ ለሕይወት ያሰጋል። ውኃ ስለሚወድ ቀድሞ የሚያጠቃው ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን ነው። ላብ ያለበት ብብትና አንገትም ይቃጠላል። ጋዙ ከአየር ይቀላል፤ ፈሳሹ ሲፈነዳ ግን ነጭ ጉም ሆኖ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

የከተማችን ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። አሞኒያ በባሕር ጠለል −33 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እዚህ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ወደ −38 ይወርዳል። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ላይ የታተመው የሙቀት መስመር የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። ይህን ያልተነገረው ቴክኒሻን ንባቡን እንዳለ ከወሰደ የሲስተሙን ትክክለኛ ሙቀት አያገኝም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ይቆማል፣ የአየር ማስወጫው ይቆማል፣ ባትሪ የሌለው የጋዝ ጠቋሚም ይተኛል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይቸኩላል። ምርቱ እየሞቀ ነው፣ አለቃ እየደወለ ነው። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ቲዮዶር ውስጥ ባለ አንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን የደረሰውን እንይ። መብራት ከ7 ሰዓት በላይ ጠፍቶ ነበር። በማግስቱ ሠራተኛው የማንቂያ ምልክቶቹን ለማጥፋት መቆጣጠሪያውን እንደገና አስጀመረው። አንዱ ማቀዝቀዣ ግን በትኩስ ጋዝ በረዶ ማቅለጡን ገና አልጨረሰም። ትኩስ ጋዝና ቀዝቃዛ ፈሳሽ ተገናኙ። በተፈጠረው ድንገተኛ ግፊት ጣሪያ ላይ ያለው ቧንቧ ተቀደደ። ከ14 ቶን በላይ አሞኒያ ወጣ፣ ከ150 በላይ ሰዎች ተጎዱ። አብዛኞቹ የመጋዘኑ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ጋዙን ነፋስ ያመጣባቸው ሰዎች ነበሩ። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት ዳርቻችን “መብራት ሲመለስ ምን ይደረጋል” የሚለው መመሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ የማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ፋይል ውስጥ ያለ ወረቀት ሌሊት ፈረቃ ላይ ያለውን ልጅ አይረዳውም።

ሌላው አደገኛ ሥራ ዘይት ማውጣት ነው። የኮምፕረሰሩ ዘይት እየተሸከመ ሄዶ ከሲስተሙ ሥር ይጠራቀማል። ቴክኒሻኑ ባልዲ ደቅኖ ቫልቩን ይከፍታል። ዘይቱ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት አለቀና አሞኒያው ተከተለ። ቫልቩ በእጅ የሚዞር ብቻ ከሆነ፣ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ተመልሶ ሊዘጋው አይችልም። ስለዚህ እጅ ሲለቀው ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ይገጠማል። ሥራውም ለሁለት ይሠራል፦ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ራቅ ብሎ ያያል። የአሞኒያ ማስክ ማጣሪያው አረንጓዴ መስመር ያለው ነው። ጊዜው ያለፈበት ማጣሪያ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ዋናው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን፣ መከላከያ እንዲሰጥ፣ አደጋን እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ተቆጣጣሪም በሥራ ሰዓት ያለ ማስታወቂያ መግባት ይችላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ለማሽኑ ዝርዝር የሚጠቀሱት የደህንነት ደረጃዎች ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 5149 እና የአውሮፓው ኢኤን 378 ናቸው። ቂሊንጦ ያለ ፋብሪካ ተጠሪነቱ ለአዲስ አበባ ቢሮዎች ነው፤ ሰበታ ያለው ግን ለሸገር ከተማና ለኦሮሚያ። ነፋስ ይህን ወሰን አያውቅም።

ጎረቤትም አለ። በቂሊንጦ አጠገብ ኮዬ ፈጬ፣ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ፣ ሁሉም ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ፋብሪካው ጣሪያ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ መስቀል ርካሽ ነገር ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃም ሽታ ሲመጣ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ (939) መደወልና ሰውን ነፋሱን በአግድም አቋርጦ እንዲወጣ መምራት መቻል አለበት።

አሞኒያ ዓይን ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ ውኃ ነው፦ ወዲያው፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የአደጋ ሻወሩ የራሱ ሮቶ ያስፈልገዋል። አንድ ሰውም በየሳምንቱ ከፍቶ ውኃ መውጣቱን ማየት አለበት።