የፈረንሳይኛ ሲኒማ ኮርስ፣ ክፍሉ ፌስቲቫል ሲሆን

አሜሪካ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ አንዳንድ ኮሌጆች የፊልም ፌስቲቫል ያዘጋጁና ፌስቲቫሉን ራሱን ኮርስ ያደርጉታል። ተማሪው አስቀድሞ ያነባል፣ አዳራሽ ገብቶ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ያያል፣ ከዚያ ይወያያል፣ ይጽፋል። ላፕቶፕ ላይ እያቋረጡ ማየት ከዚህ ጋር አይገናኝም። አዳራሽ ውስጥ ሰው የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ ዝም እንዳለ ትሰማለህ፤ ይሄም ራሱ ትምህርት ነው።

ችግሩ ገንዘብ ነው። ፊልም ለሕዝብ ለማሳየት የማሳያ መብት መክፈል አለ፣ ለትንሽ ኮሌጅ ደግሞ ይከብዳል። ለዚህ የሚረዳው እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው «ቱርኔ» የተባለ የድጋፍ ፕሮግራም ነበር። ፌስ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ከፈረንሳይ ኤምባሲ የባህል ክፍል ጋር ሆኖ ለኮሌጆች ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ እነሱ ስድስት ፊልም ይመርጡ ነበር፣ ከስድስቱ አንዱ የድሮ ፊልም መሆን ነበረበት። ይቺን የመጨረሻዋን ደንብ በጣም ነው የምወዳት፣ ምክንያቱም ተማሪ በራሱ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፊልም ፈልጎ አያይም። አሁን የፕሮግራሙ ስም «አልበርቲን ሲኒማቴክ» ሆኗል።

ትልቁ ምሳሌ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ያለው ነው። ከዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ የፈረንሳይ ፊልም ፌስቲቫል ሲሆን፣ ከቨርጂኒያ ኮመንዌልዝና ከሪችመንድ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተቆራኘ ነው። ፊልሞቹ የሚታዩት እ.ኤ.አ. በ1928 በተከፈተው በርድ ቲያትር ነው፤ ዳይሬክተሮችና ተዋንያን ከፈረንሳይ ድረስ መጥተው የተመልካች ጥያቄ ይመልሳሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። የፈረንሳይኛ ሲኒማ ማለት የፈረንሳይ ሲኒማ ብቻ አይደለም። ቤልጅየም አለች፣ ፈረንሳይኛ የሚነገርባት የካናዳ ግዛት ኬቤክ አለች፣ ከሁሉም በላይ ሴኔጋል አለች። የሴኔጋልን ዋና ከተማ ዳካርን የዘለለ ኮርስ ለእኔ ጎዶሎ ነው። ሴኔጋላዊው የፊልም ዳይሬክተር ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠሩትን «ላ ኑዋር ደ...» የተባለ ፊልም እዩት። አንዲት ወጣት ከዳካር ፈረንሳይ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ለአሠሪዎቿ የምትመልሰው ከ«እሺ እመቤቴ» ብዙም አያልፍም፣ በውስጧ ግን ሳታቋርጥ ታወራለች፣ ያም በፈረንሳይኛ ነው። እህቱን ወይ ልጁን ዓረብ አገር የላከ ኢትዮጵያዊ ይህን ፊልም አስተርጓሚ ሳይፈልግ የሚረዳው ይመስለኛል።

ጥሩ መምህር እዚህ ጋ ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ ለምን በፈረንሳይኛ ታስባለች? ሴምቤን ራሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ «ማንዳቢ»ን ሲሠሩ ገጸ ባሕርያቱን በሴኔጋል ቋንቋ በወሎፍ አናገሩ። ርዕሱ በእኛ ሐዋላ እንደማለት ነው። የፈረንሳይኛ ተማሪው አንድም ቃል በማያውቀው ቋንቋ ፊልም እያየ ስለ ፈረንሳይኛ የሚማርበት ሰዓት ይሄ ነው።