ሬስቶሞድ ምንድን ነው?

አሮጌ መኪና የምትወዱ ሰዎች ይህን ቃል ሳትሰሙት አትቀሩም። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ አለ፣ ሰው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራትን መኪና ሲያሳይም ይጠራዋል። ሬስቶሞድ። ሬስቶሬሽን እና ሞዲፊኬሽን የሚባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጠው የተቀጠሉበት ነው። የመጀመሪያው መኪናዋን ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጎ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው መቀየር፣ ማሻሻል ነው። ሁለቱ አንድ መኪና ላይ ሲገናኙ መልኳ የድሮ፣ ፍሬኗና መብራቷ ግን የዛሬ የሆነ መኪና ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚይዘው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ትልቅ ሞተር፣ ሰፊ ጎማ፣ የሚያገሳ ማርሚታ። እኔ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ከአንዲት ዳትሰን ጋር አምስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከሥራዬ አብዛኛው ያለቀው «ሬስቶ» ላይ ነው። «ሞዱ» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መኪናዋ ለነጂውም ለመንገደኛውም አደጋ ትሆናለች።

በሬስቶሞድ ስማቸው የገነነ ድርጅቶች አሉ። ካሊፎርኒያ ያለው ሲንገር በ2009 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ1989 እስከ 1994 የተሠሩ ፖርሽ 911 መኪናዎችን እስከ ባዶ ላሜራቸው ፈትቶ እንደ አዲስ ይገነባቸዋል። የዚያ ዋጋ የኔና የእናንተ ዓይነት ሰው የሚደርስበት አይደለም። ግን ሐሳቡ ያው ነው፤ በክሪክ፣ በቁልፍና በቅዳሜ ከሰዓትም ይሠራል።

ዳትሰን 240ዚን ምሳሌ የማደርጋት በእጄ ስለማውቃት ነው። ኒሳን ያስተዋወቃት በ1969 መጨረሻ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በዳትሰን ስም ተሸጠች፤ መነሻ ዋጋዋም 3,526 ዶላር ነበር። ያኔ የአሜሪካውን ኒሳን ይመሩ የነበሩት ዩታካ ካታያማ፣ ወዳጆቻቸው «ሚስተር ኬ» የሚሏቸው፣ ተራ ደመወዝተኛ ሊገዛት የሚችል የስፖርት መኪና እንድትሆን የጣሩ ሰው ናቸው። ሞተሯ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች አሉት፤ 2.4 ሊትር፣ ባለ ሁለት ካርቡራተር፣ በጊዜው አለካክ 151 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ብቻ ስለሆነ ያ ጉልበት በደንብ ይሰማል።

ለኛ ደግሞ ቅርብ የሆነ ታሪክ አላት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1971 እና በ1973 ያሸነፈችው 240ዚ ናት። ጭቃው፣ አቧራው፣ ድንጋዩ ሁሉ እዚያው ጎረቤታችን ኬንያና በአጎራባቾቿ ነው። የ1973ቱ አሸናፊ ሼካር ሜታም ኡጋንዳ የተወለደ የአካባቢያችን ልጅ ነበር። ይህን ሳውቅ ነው መኪናዋን አጥብቄ የወደድኳት።

ጠላቷ ዝገት ነው። የኔዋ የ1972 ናት፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የገዛኋት። ብርቱካናማ ቀለሟ ያበራል። ሻጩ ባትላሜራዋ በቅርብ ተሠርቷል ብሎኝ ነበር፣ እኔም ቀለሙን አይቼ አመንኩ። ሠፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። መጡና ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አወጡ፤ ቀለሙን እንዳይጭረው በስስ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ከዚያ መኪናዋን ቀስ እያሉ ዳሰሷት። ማግኔቱ በሩ ላይ ጥብቅ አለ። ከበሩ በስተኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለችው ታችኛዋ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ወደቀ።

«ይሄ ላሜራ አይደለም ልጄ፣ ስቱኮ ነው» አሉኝ። ቀዳዳ የሚደፈንበት ሊጥ ማለታቸው ነው፤ ማግኔት አይዘውም።

ከዚያ ኮፈኑን አስከፈቱኝ፣ ባትሪውን አስወጡኝ፣ ካቻቢቴ አምጣ አሉ። ባትሪው ከተቀመጠበት በታች ያለውን ብረት በካቻቢቴው ጫፍ ጫን ሲሉት እንደ ድርቆሽ ተፈረከሰ። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ።

የዚህች መኪና የታወቀ በሽታ ነው ይሄ። የባትሪው አሲድ ለዓመታት ጠብ ጠብ ሲል መጀመሪያ መቀመጫውን ይበላል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን ተሸካሚ ብረት፣ ከዚያ ወለሉን። 240ዚ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ ቦዲው ነው። ያ ብረት ከበሰበሰ መኪናዋ ኩርባ ላይ ትጣመማለች፣ የጎማ ልኳ አይረጋም። እንግዲህ እንዲህ ያለ አካል ላይ ጉልበቱ እጥፍ የሆነ ሞተር የሚጭን ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ አንድ ክረምት ሙሉ ብየዳ ላይ አለፈ። የበሰበሰውን ከመቁረጤ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ወጥሬ አሰርኩት፤ ያ ካልተደረገ ወለሉ ሲወጣ ቦዲው ይታጠፍና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ብየዳውንም አንድ ጫፍ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ መጎተት አይቻልም። እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ አንድ ነጥብ፣ በመሀል ማቀዝቀዝ፤ አለበለዚያ ላሜራው በሙቀት ይቆለመማል። ይህን ቤታችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ሰልባትዮውን ከመኪናው አውጥታችሁ ከጋራዡ አርቁት፣ ባትሪውን ፍቱ፣ የእሳት ማጥፊያ ከእጃችሁ አይራቅ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም በፍጹም አትግቡ፤ ቋሚ ድጋፍ አድርጉበት።

ብየዳው ሲያልቅ እኔ ስለ ሞተር ማውራት ጀመርኩ። ጋሼ ግን «መጀመሪያ የምትቆምበትን ሥራ!» ብለው ቆረጡኝ። ልክ ነበሩ።

የመኪናዋ ፍሬን ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ ነው። መጀመሪያ ያለውን ማደስ ይቀድማል፤ የጎማ ቱቦዎቹ፣ ሲሊንደሮቹ፣ የፍሬን ሸራው። ብዙ ሰው እዚህ ቢያቆም ይበቃዋል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ትቢያውን በአየር አታራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ማሻሻል ለሚፈልግ ግን የ240ዚ ባለቤቶች ዓለም ላይ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ጥበብ አለ፤ እኔ ስሰማው ማመን አቅቶኝ ነበር። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለ አራት በአራት የቶዮታ ፒክአፕ፣ እኛ ሃይሉክስ የምንላት መኪና፣ የፊት ካሊፐሯ፣ ማለትም ዲስኩን በፒስተን ጨምቆ የሚያቆመው ክፍል፣ 240ዚ ላይ ብሎኑ ልክ ገጥሞ ይገባል። የዳትሰኑ ካሊፐር ሁለት ፒስተን ነው ያለው፤ የቶዮታው አራት። ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የአቧራ መከላከያ ላሜራ መቁረጥ ወይም ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። የሃይሉክስ ዕቃ የስፖርት መኪና ሲያቆም ማየት ልዩ ደስታ አለው።

ነገር ግን አንድ ዕቃ ሲቀየር ሌላውን ይነካል። የካሊፐሩ ፒስተን ሲበዛ የሚፈልገው የፍሬን ዘይት ይበዛል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ሲሊንደርም 7/8 ኢንች ከሆነው ወደ 15/16 ኢንች ያድጋል። የፊቱ ብቻ በርትቶ የኋላው ከደከመም ሚዛኑ ይዛባል፣ ታምቡሮውም በደንብ መስተካከል አለበት። ከፍሬኑ መስመር ውስጥ አየሩን ያስወጣነው ከባለቤቴ ጋር ነው። እሷ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። «ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ።» አራቱም ጎማ ላይ፣ ቱቦው ውስጥ አንዲት አረፋ እስከማትታይ ድረስ። ፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ስለዚህ ባልዲ ውኃ አጠገባችን ነበር።

ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ግን ማንም የማያየው ነገር ነው፤ የመብራቱ ሪሌ። 240ዚ ላይ የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚያልፈው መሪው አጠገብ ባለው ማብሪያ ውስጥ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ማብሪያ ያን ሁሉ ሲሸከም ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ መብራቱም ይደክማል። ሪሌ ሲገባበት ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ዋናው ኤሌክትሪክ በሌላ መንገድ፣ በራሱ ፊውዝ በኩል ቀጥታ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ዋጋው ትንሽ ነው። የመኪናዋ መልክ ቅንጣት አልተቀየረም፣ አንድ ቀዳዳ አልተበሳም፣ በሌሊት ግን መንገዱ ይታያል። ሬስቶሞድ ምንድን ነው ብላችሁ በአንድ ነገር አሳየን ብትሉኝ ይህን ነው የማሳያችሁ።

የማቀጣጠያው ነገርም እንዲሁ ነው። የሻማውን እሳት የሚያስነሳው ማቋረጫ፣ ፑንቲና፣ በየጊዜው ይበላል፣ ክፍተቱ ይስተካከል ይላል። ከ1979 እስከ 1983 የተሠራችው ታናሽ እህቷ 280ዚኤክስ ፑንቲና የማያስፈልገው ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሻማው የሚያከፋፍለው ዕቃ) አላት፤ እሱ ተነቅሎ እዚህ ይገባል። ከዚያችው መኪና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮም ይመጣል፤ አሜሪካ የተሸጠችው 240ዚ አራት ማርሽ ነበረቻት። ሞተርም ቢሆን 2.8 ሊትሩ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ በአሮጌው ቦታ ይቀመጣል። የአሜሪካ ቪ8 ሞተር የሚከቱባትም አሉ። እኔ አልወደውም። የዚህች መኪና ነፍሷ ስድስቱ ሲሊንደሮች አብረው የሚያሰሙት ድምፅ ነው፤ እሱ ከወጣ የቀረው ላሜራው ነው።

ሁሉንም መኪና ሬስቶሞድ ማድረግ ግን ልክ አይደለም። ኮፈኗ ሥር የሞተሩ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ያ ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር ከገጠመ፣ ቀለሙም የፋብሪካው ከሆነ፣ እባካችሁ መቁረጫውን አስቀምጡት። በጥር 2020 ወደ 21,750 ማይል ብቻ የሄደች፣ እጅ ያልነካካት የ1971 240ዚ አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጣለች። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ነገሩ። ሳይነካ የቆየ ነገር አንዴ ከተነካ በምንም አይመለስም። የኔዋ ሰሌዳና ሞተር ከጥንት ተለያይተው ነው ያገኘኋቸው፤ ለሬስቶሞድ ነፃነት የሰጠኝ እሱ ነው። እንዲያም ሆኖ የምነቅለውን ዕቃ አልጥልም። እያንዳንዱ በፕላስቲክ ከረጢት፣ ከየት እንደወጣና መቼ እንደወጣ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ከመፍታቴ በፊትም ፎቶ አነሳዋለሁ። ነገ መኪናዋን የሚረከብ ሰው ወደ ድሮዋ ልመልሳት ቢል ፑንቲናዋም አለ፣ የድሮ ካሊፐሯም አለ።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ደግሞ ስለ ቮልስ ነው። ሞተሩን አውጥቶ ኤሌክትሪክ ማድረግ ሬስቶሞድ ይባላል ወይ? በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። አዎ፣ ይባላል። ጃጓር በ2017 የድሮዋን ኢ-ታይፕ ኤሌክትሪክ አድርጎ አሳይቷል። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 አሮጌዋን ቮልስ ከትንሿ ኤሌክትሪክ መኪናው በተወሰደ ሞተርና ባትሪ፣ 82 የፈረስ ጉልበት ይዛ፣ አንዴ ተሞልታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንድትሄድ አድርጎ አቅርቧታል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ በጥቂት ብሎን ስለተያዘ ለዚህ ትመቻለች። የባትሪው ክብደት ግን ፍሬኑን፣ አሞርዛተሩንና ወለሉን ይፈትናል። ስለዚህ እዚያም ቢሆን መጀመሪያ ማግኔትና ካቻቢቴ ያዙ።

የኔዋ ገና አላለቀችም። የኋላው በር ዙሪያ ያለው ላስቲክ ደርቋል። 240ዚ ላይ ያ ላስቲክ ካረጀ የማርሚታው ጭስ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰው እየነዳ ራሱን ያመዋል። አዲሱ ላስቲክ ታዟል። እሱ እስኪገባ ልጄን ጎኔ አላስቀምጣትም፤ እሷ ግን ከአሁኑ የራሷን ወንበር መርጣለች።