የጥናት አስተባባሪ ማለት ምንድን ነው?

የጥናት አስተባባሪ፣ በሆስፒታል አጠራር «ኮኦርዲኔተር»፣ አንድ ክሊኒካል ጥናት (በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት) ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ፣ ላይ በተጻፈው መንገድ ከቀን ወደ ቀን እንዲሄድ የሚያደርግ ባለሙያ ነው። በአገራችን ሥራውን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ አንዳንዴም ፋርማሲስቶች ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። ውጤቱ ሲታተም ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ተርታ ብዙም አይገኝም፤ ቢበዛ ከመጨረሻው የምስጋና አንቀጽ ይገባል። ኦዲተር መጥቶ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲል ግን መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ናቸው።

ብዙ ሰው አስተባባሪውን ከተመራማሪው ጋር ያምታታዋል። ዋና ተመራማሪው፣ «ፒአይ» የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ሐኪም ነው፤ በዚያ ሆስፒታል በጥናቱ ስም ለሚደረገው ሁሉ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ስፖንሰሩ ጥናቱን ያስጀመረው ተቋም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ፣ የመድኃኒት አምራች ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሞኒተሩን የሚልከው ስፖንሰሩ ነው፤ በየተወሰነ ሳምንት መጥቶ የታካሚውን ካርድ ከተሞላው ፎርም ጋር መስመር በመስመር ያመሳክራል። ፈቃዱ የሚመጣው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ነው፦ መጀመሪያ ከተቋሙ የሥነ ምግባር ቦርድ (አይአርቢ)፣ አዲስ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ ከብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። የእነዚህ ሁሉ ደብዳቤ፣ ጥያቄና ቀጠሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል፤ ጠረጴዛው የአስተባባሪው ነው።

አስተባባሪው ራሱም ቢሆን እንደፈለገ አይሠራም። በየጥናቱ ማን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚመዘገብበት የውክልና መዝገብ አለ፤ ፒአይው በየስሙ ይፈርምበታል፣ የተጀመረበት ቀንም ይሰፍራል። ተረኛዋ ነርስ የቱንም ያህል እጇ ቢቀና፣ ስሟ መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ለጥናቱ ደም መቅዳት አትችልም። ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሐሙስ የተፈረመለት ሰው በመካከል የሠራው ሁሉ ሞኒተሩ ሲመጣ በጥሰት ይመዘገባል። በጣም ተራ ስሕተት ነው፤ ግን በየጥናቱ ይደጋገማል።

ሥራው በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለማየት ካላዛርን፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን የቆላ በሽታ፣ እንውሰድ። በምሥራቅ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ ሕክምናው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለውን መርፌ ለ30 ቀን በየቀኑ መወጋት ነበር። በ2003 የተቋቋመውና ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ያቀፈው ሊፕ የተባለ የምርምር ጥምረት፣ ፓሮሞማይሲን የተባለ ሌላ መርፌ ቢደረብበት ጊዜው ያጥር እንደሆነ አጠና። ከጥናቱ ቦታዎች መካከል ጎንደርና አርባ ምንጭ ነበሩ። ጥምሩ ሕክምና በ17 ቀን ያልቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2010 ለአካባቢው ቀዳሚ ምርጫ እንዲሆን መከረ። (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው ናቸው። የአቆጣጠሩ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ከታች እንመለስበታለን።)

ከ30 ወደ 17 ማለት በአፍ ቀላል ነው። በእንዲህ ያለ ጥናት ግን ታካሚው ዳነ የሚባለው መርፌው ሲያልቅ ሳይሆን ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ መጥቶ በሽታው እንዳላገረሸበት ሲታይ ነው። ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርደው ታማሚ ደግሞ በአብዛኛው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። ሲሻለው ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ስልኩም ይጠፋል፣ ወይም ሲም ካርዱን ይቀይራል። ስለዚህ ጎበዝ አስተባባሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰውዬውን ስልክ ብቻ ይዞ አይቀመጥም። የሁለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ቁጥር፣ ቀበሌውን፣ የሚታወቅበትን የቅጽል ስም፣ የሚገበይበትን ገበያ ይመዘግባል፤ ይህም በፈቃዱ፣ በተለየና በሚቆለፍ መዝገብ። ቁጥሮቹንም እዚያው ፊቱ ይደውልባቸዋል፤ የማይሠራ ቁጥር በ6ኛው ወር ከሚታወቅ ዛሬ ቢታወቅ ይሻላል። ከቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው አንዴ፣ ዋዜማው ላይ አንዴ ይደውላል። የትራንስፖርቱ ገንዘብ መጠን በሥነ ምግባር ቦርዱ የጸደቀ ነው፤ ከኪሱ አዝኖ እንኳ ሊጨምርበት አይችልም። ያልተመለሰ ሰው በብዙ የትንተና ዕቅድ እንዳልዳነ ስለሚቆጠር፣ የጠፋ ስልክ ብዛት ጥሩ መድኃኒትን መጥፎ ሊያስመስል ይችላል።

የስምምነት ቅጹ ላይ ሰው ማስፈረም ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው። ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል፦ «ምርምር» ሲባል ታማሚው «ምርመራ» ብሎ ይሰማል። ለምርመራ የመጣ ሰው «እሺ» ማለቱ አይቀርም፤ ያ ግን ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ «ይህ ከሕክምናዎ የተለየ ነው፤ እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቋረጥም» የሚለው መጀመሪያና በግልጽ መነገር አለበት። መድኃኒቱ በዕጣ እንደሚደለደል ሲነገር ደግሞ ሁሉም ዕቁብን ያስባል። ምሳሌው ግማሽ መንገድ ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያሳስታል፤ ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልወጣለት በሌላ ዙር ይወጣለታል። እዚህ ዕጣው አንዴ ነው፤ የትኛው ወገን እንደሚሻልም ገና አልታወቀም፣ ጥናቱ የሚካሄደውም ስላልታወቀ ነው። ስለ ደምም እንዲሁ፦ «10 ሚሊ ሊትር» ከማለት «ሁለት የሻይ ማንኪያ» ማለት ስንት ሐሜት ያስቀራል!

ገለጻው ሲያልቅ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ማንም ሰው «አዎ» ይላል። «ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ምን አሉህ ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ውስጥ «በፈለግሁ ጊዜ ማቆም እችላለሁ» የሚለው ካልመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ማስረዳት ነው። ማንበብ የማይችል ተሳታፊ በጣት አሻራ ይፈርማል፤ ገለጻው ሲሰጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተቀመጠ፣ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክርም ይፈርማል። ከኮሪደር መጨረሻ ላይ የተጠራ የጽዳት ሠራተኛ ምስክር አይሆንም። ቀኑን እያንዳንዱ ፈራሚ በገዛ እጁ ይጽፋል፣ አንዱ ቅጂ ለተሳታፊው ይሰጣል። ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ስሕተት ግን የቅጹ ዕትም ነው፤ ቦርዱ አዲሱን ዕትም ካጸደቀ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የቀረው አሮጌው ሲፈረም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ዕለቱኑ ከመሳቢያ ማውጣት ነው፤ ለማኅደር አንድ ቅጂ ይበቃል።

ወደ አቆጣጠሩ እንመለስ። የኢትዮጵያን የጥናት ክፍሎች እንደ ቀን መቁጠሪያ የሚፈትናቸው ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐኪሙ ካርዱ ላይ 12/02/2017 ብሎ ይጽፋል። በእኛ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ነው፣ በጎርጎርዮሳዊው ኦክቶበር 22 ቀን 2024። የስፖንሰሩ ኮምፒውተር እንዳለ ከገባለት ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ብሎ ይይዘዋል። ይሄኛው ደጉ ስሕተት ነው፤ ጥናቱ ሳይጀመር በፊት ያለ ቀን ስለሆነ ሲስተሙ ራሱ ይጮኻል። ጳጉሜንም እንደዚያው ነው፤ 13ኛ ወር አልቀበልም ይላል።

አደገኛው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ፕሮቶኮሉ 18 ዓመት የሞላው ይላል እንበል። አንድ ልጅ በ2017 መጥቶ «በ2000 ተወለድኩ» አለ፤ ቢበዛ 17 ዓመቱ ነው። 2000 ተብሎ በፈረንጆቹ ሳጥን ከገባ ግን የ24 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል፣ ሲስተሙም ምንም አይልም። ወላጅ ሳይፈቅድ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጥናት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሰዓቱም የዋዛ አይደለም። በደም ውስጥ የመድኃኒት መጠን በሚለካበት ጥናት ነርሷ መድኃኒቱን የሰጠችበትን 3:00 ብላ ጻፈች፤ ደም የቀዳው ባለሙያ ስልኩን አይቶ 10:00 አለ። እውነተኛው ልዩነት አንድ ሰዓት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሰባት ሆነ። መድኃኒቱ ከደም የሚወጣበት ፍጥነት በዚህ ሊሰላ ነው እንግዲህ። መድኃኒቱም (መፍትሔው ማለት ነው) ውድ አይደለም፦ የጥናት ካርዱ ላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል፣ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የሚያየው አንድ ግድግዳ ሰዓት፣ የሚጻፈውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር 09:00 ተብሎ። የልደት ቀን ሲጠየቅ ደግሞ ዕድሜውን ለብቻ ጠይቆ ሁለቱን ማስታረቅ።

የተሳሳተ ነገር ሲታረም የመጀመሪያው ጽሑፍ መነበብ አለበት፤ አንድ መስመር ተሰርዞበት ትክክለኛው በጎኑ ይጻፋል፣ የአራሚው ፊርማና ቀን ይጨመራል። በነጭ ቀለም መሸፈን፣ ወረቀቱን ቀዶ በአዲስ መገልበጥ፣ በእርሳስ መጻፍ አይቻልም። አንዳንድ ሰው ጽዱ እንዲሆን ብሎ ይገለብጣል። ለመርማሪ ዓይን ግን ጽዱ ወረቀት ነው የሚያጠራጥረው።

ከባድ ጉዳት ሲደርስ ሩጫው ሌላ ነው። ተሳታፊ ከሞተ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ሆስፒታል ከተኛ ወይም የመተኛ ጊዜው ከተራዘመ፣ ዘላቂ ጉዳት ከደረሰበት፣ ወይም የአካል ጉድለት ያለበት ልጅ ከተወለደ፣ መድኃኒቱ ያመጣው መሰለም አልመሰለም፣ በአብዛኞቹ ፕሮቶኮሎች የጥናቱ ቡድን ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለስፖንሰሩ ሪፖርት ይደረጋል። «የመኪና አደጋ ነው፣ ከመድኃኒቱ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ መተው አይቻልም። የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ተሳታፊው ሌላ ሆስፒታል ስለሚገባ ወይም ተረኛው ሐኪም ጥናት ላይ መሆኑን ስለማያውቅ ነው፤ ለዚህ ነው ስልክ ቁጥር ያለበት የተሳታፊ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ የሚያስፈልገው። «ማክሰኞ ሌሊት በ8 ሰዓት አረፈ» የሚል ዘመድም መጠየቅ አለበት፦ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለረቡዕ? አንድ ቀን ሙሉ ያለያያል።

መድኃኒቱን የሚቆጥረው ፋርማሲስቱ ቢሆንም አለመጣጣሙን የሚያስረዳው አስተባባሪው ነው። በቀን 2 ፍሬ ለ28 ቀን 56 ነው፤ ለመጠባበቂያ 4 ተጨምሮ 60 ተሰጠው። 10 ይዞ ከተመለሰ የወሰደው 50 ነው፣ 89 በመቶ ገደማ። ምንም ካልመለሰ ግን ሁሉንም ወሰደ ማለት አይደለም፤ ባዶ ማሸጊያውን ጥሎት፣ ለታመመ ወንድሙ አካፍሎት ወይም ጠበል ገብቶ አቁሞት ሊሆን ይችላል። የጠበሉን ነገር በቁጣ የሚጠይቅ አስተባባሪ እውነቱን አያገኝም። «ጠበል በነበሩ ጊዜ ስንት ቀን አለፈዎት?» ብሎ እንደ ተራ ነገር የጠየቀ ያገኘዋል።

ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ደግሞ የቅዳሜና እሑድ ጉዳይ ነው። መብራት ቅዳሜ ማታ ሄዶ እሑድ ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣው 5 ያሳያል። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚይዘው ቴርሞሜትር ካልታየ ማንም አያውቅም። 14 ደርሶ ከነበረ መድኃኒቱ አይጣልም፣ አይሰጥምም፤ «እንዳይነካ» የሚል ተለጥፎበት ተለይቶ ይቀመጣል፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ለስፖንሰሩ ይጻፋል፣ መልስ እስኪመጣ ይጠበቃል። በዚያ ቀን ቀጠሮ ላላቸው ተሳታፊዎችም እዚያው ይደወላል።

ጥናቱ ሲዘጋ ስፖንሰሩ ስለ መረጃው ያነሣቸው የመጨረሻ ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ፣ የተረፈው መድኃኒት ተቆጥሮ ይመለሳል ወይም በደንቡ ይወገዳል፣ ወረቀቱ በሣጥን ታሽጎ ለዓመታት ይቀመጣል። የአስተባባሪው ኮንትራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው፤ የሚቀጠረው በሆስፒታሉ መደብ ሳይሆን በፕሮጀክቱ ገንዘብ ነውና። መርማሪ የሚመጣው ደግሞ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንደቀረ፣ የጎደለ ወረቀት ካለ ለምን እንደጎደለ ፈርሞበት መተው አለበት። ይህን የሚጠይቀው ሰው ካልተገኘ፣ ራሱ አንድ ገጽ ጽፎ የመጀመሪያው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጥፈዋል።