«የቆይታ ጊዜ» ምንድን ነው?

በቅርቡ ስለ ሥዕል ሙዚየሞች የተጻፈ አንድ አስተያየት አነበብሁ። ጸሐፊው ጎብኝ በአንድ ሥዕል ፊት የሚቆመው 27 ሰከንድ ብቻ መሆኑን ጠቅሶ፣ «እንግዲያው ሰው ከሙዚየም የሚማረው ነገር የለም» ሲል ደምድሟል። በስብሰባዎች ላይ ደግሞ የዚህኑ ግልባጭ እሰማለሁ፤ የቆይታ ጊዜው ከፍ ብሏልና ጎብኝዎች የበለጠ ተምረዋል ይባላል። አንደኛው ሙዚየምን ለመንቀፍ፣ ሌላኛው ለማወደስ የተነገረ ቢሆንም ሁለቱም ሰዓትን የአእምሮ መለኪያ አድርገውታል።

የቆይታ ጊዜ ማለት ጎብኝው ከአንድ ሥራ ፊት ቆሞ ወደዚያው መመልከት ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ ፊቱን መልሶ እስኪሄድ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። የሚቆጠረው እግርና ዐይን የት እንደ ነበሩ ነው። በእኛ ሙያ፣ የሙዚየም ጎብኝዎችን በማጥናት ሥራ፣ ይህ ቁጥር ከጥቅም ውጭ ነው የሚል ሰው የለም፤ እኔም ለዓመታት የአዳራሽ ንድፍና የሰከንድ መቁጠሪያ ይዤ ጥግ ላይ ቆሜአለሁ። የምቃወመው ቁጥሩ ያልተናገረውን እንዲናገር መገደዱን ነው።

መጽሐፍ ገልጦ የተቀመጠ ሰውን ከሩቅ አይተን ገጹ የተገለጠበትን ደቂቃ ብንቆጥር ምን ዐወቅን? ሰውየው እያነበበ ይሆናል፤ አንድ ቃል አልገባው ብሎ ተቸግሮ ይሆናል፤ እያንቀላፋም ይሆናል። ጽሑፉን በቃሉ የሚያውቀው ሰው ደግሞ የሚፈልጋትን አንዲት መስመር አይቶ ወዲያው ይዘጋዋል። ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ ሲጋሩም ፈጣኑ አንባቢ ገጹን ሳይገልጥ የሚቆየው ዘገምተኛውን እየጠበቀ ነው። ምሳሌው የሚያነክሰው ሥዕል እንደ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ስለሌለው ብቻ ነው፤ ይህ ግን የቆጣሪውን ችግር ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም፣ ምክንያቱም ተመልካቹ «ጨረስሁ» የሚልበትን ቦታ ሥዕሉ አይነግረንም።

የ27 ሰከንዱ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ስሚዝና ሊሳ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም 150 ጎብኝዎች ስድስት ታላላቅ ሥራዎችን ሲመለከቱ ሳያስታውቁ ተከታትለው ነበር። አማካዩ 27.2 ሰከንድ ሆነ። ይሁን እንጂ ቆይታዎቹ ሁሉ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ቢደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው 17 ሰከንድ ነበር፤ ረዥም ጊዜ የቆሙት ጥቂቶች አማካዩን ወደ ላይ ስበውታል ማለት ነው። (የአስተያየቱ ጸሐፊ ይህን ቢያውቅ ኖሮ 17ን መርጦ ይበልጥ በጮኸ ነበር።) በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ከተመራማሪው ፓብሎ ቲኒዮ ጋር አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ተከታይ ጥናት ደግሞ አማካዩን 28.63፣ መካከለኛውን 21 ሰከንድ አድርሶታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ዕድሜና ጾታ በቆይታው ላይ ልዩነት አላመጡም፤ በብዛት አብረው የመጡ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ቆመዋል። እየተወያዩ ነበር ወይስ እየተጠባበቁ? ሰዓቱ አይመልስም።

ወደ አዳራሹ እንግባ። አንዲት ሴት ከአንድ ትልቅ የመልክዐ ምድር ሥዕል ፊት አራት ደቂቃ ያህል ቆማ መዝግቤአለሁ፤ በዚያ ቀን ከያዝሁት ሁሉ የላቀው ቆይታ ነበር። ቅጹን ልሞላ ስጠጋ ግን ልጇ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጦ የጫማ ማሰሪያውን ሲታገል አየሁ። በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ ትንሽ የእርሳስ ንድፍ ለስድስት ሰከንድ ያህል አይተው ዐለፉ፤ ሁለት ክፍል ዞረው ተመለሱ፣ ዐይተውት ሄዱ፣ ከመውጣታቸው በፊትም አንድ ጊዜ ደገሙት። ቅጻችን ለእያንዳንዱ ቆይታ የተለየ መስመር ስለነበረው እኒህ ሰው በሠንጠረዡ ውስጥ ሦስት ግዴለሽ ጎብኝዎች መስለው ተመዘገቡ።

ክፍሉም ራሱ በቁጥሩ ውስጥ እጁን ያስገባል። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 ተመልካች ዕቃ ለማየት ምን ያህል እንደሚጎነበስና እንደሚንጠራራ በፎቶግራፍ አሳይቶ «የሙዚየም ድካም» የሚለውን ሐሳብ አቅርቧል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር ሜልተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጎብኝዎች እንደ ገቡ ወደ ቀኝ ማድላታቸውንና መውጫው በር ትኩረታቸውን መንጠቁን መዝግቧል። ስለዚህ አግዳሚ ወንበር፣ የበር አቀማመጥና ሕዝብ የበዛበት ሰዓት ያልተጻፈበት የቆይታ ሠንጠረዥ ሲቀርብልኝ ገና ሳላነበው እጠራጠራለሁ። ሁለት ቆጣሪዎች በአንድ ጎብኝ ላይ መስማማታቸው ካልተፈተነ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

ታዲያ ጊዜ ለምን ይለካል? አንድን ሥራ ቦታውን ሳንለውጥ የመግለጫ ጽሑፉን ብቻ ለውጠን በፊትና በኋላ ብናነጻጽር፣ ልዩነቱ «እዚህ አንድ ነገር ሆኗልና ጠይቁ» ይለናል። መጠየቁ ግን የእኛ ሥራ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ተመራማሪዋ አቢጌል ሀውሰን ተመልካቾች አንድን ሥራ እያዩ በልባቸው ያለውን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ታደርግ ነበር፤ ተመልካቾች ሥዕልን የሚረዱባቸውን ደረጃዎች ለይታ ያወጣችው ከዚያ ንግግር ነው። የሙዚየም ትምህርት ተመራማሪው ጆን ፎክና ባልደረቦቹ በተጠቀሙበት ዘዴ ደግሞ ጎብኝው ከመግባቱ በፊት በአንድ ቃል ዙሪያ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ ሲወጣም በዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ይጨምራል፣ ይሰርዛል። ይህም ቢሆን እንከን አለው፦ መጠየቁ ብቻውን ሰውን ነቅቶ እንዲመለከት ያደርጋል፤ ብዙ የማይጽፍ ሰውም ብዙ ያልተማረ ይመስላል።

ሽማግሌውን በመጨረሻ ጠጋ ብዬ ለምን እየተመለሱ እንዳዩት ጠየቅኋቸው። «ሠዓሊው ያንን እጅ እንዴት እንደ ሣለው አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ» አሉኝና አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ተደብቆ በአንዲት ጥላ ብቻ መታየቱን አሳዩኝ። ከንድፉ አጠገብ ለወራት ቆሜ ኖሬ ጥላዋን አላየኋትም ነበር።